ቅርስን ለመጠበቅ ባለቤቱን መጠየቅ ይቀድማል

አንድ ከተማ ቅርስ የሚሆነው ድንጋዩ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ በግንቡ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ሥራውን፣ ልማዱንና እምነቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ ስላስተላለፈበት ጭምር ነው። ይህን በቃል የማይቀበል የለም። ዕቅድ በሚነደፍበት ጊዜ ግን ነዋሪው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ይህ አሠራር የሚያስከፍለውን ዋጋ፣ በጎረቤታችን በኬንያ በላሙ ከደረሰው በመነሣት እንመረምራለን።

ላሙ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ ጥንታዊት የስዋሂሊ የደሴት ከተማ ናት። ቤቶቿ በኮራል ድንጋይና ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር እንጨት የታነጹ ናቸው። መንገዶቿ ጠባብ በመሆናቸው ጭነት የሚመላለሰው በአህያ ነው። ዩኔስኮ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

የላሙ ጉዳይ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በሥፍራው ተገኝተው፣ ሦስቱን ሀገሮች ለሚያገናኘው የወደብና የመጓጓዣ መስመር ሥራ መጀመርን አብሥረዋል። በዕቅዱ መሠረት ወደቡ 32 የመርከብ ማረፊያዎች እንዲኖሩት የታሰበ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ወደብ ለሌላት ሀገራችን የዚህ መስመር ጠቀሜታ ምን ያህል እንደሆነ ለአንባብያን መንገር አያሻም።

ይሁን እንጂ የላሙ ዓሣ አጥማጆች ጥያቄ አነሡ። ለወደቡ ሲባል ባሕሩ በመቆፈሩ አባቶቻቸው ያጠምዱበት የነበረው ሥፍራ ተበላሸ። ጉዳዩን የተመለከተው በማሊንዲ የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ሕዝቡ በቂ መረጃ አግኝቶ በዕቅዱ እንዳልተሳተፈና የባህል መብቱ እንደተጣሰ አረጋገጠ። ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆችም 1.76 ቢልዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ።

ከዚህ ፍርድ ሊሰመርበት የሚገባው ዋና ነጥብ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው የላሙ ቅርስ የተቀረጸው በርና የኮራሉ ግንብ ነው። ነዋሪው ግን ዓሣ የሚያጠምድበትን ባሕርም ከቅርሱ ይቆጥረዋል፤ ፍርድ ቤቱም ይህንኑ ተቀብሏል። እንግዲህ ነዋሪው ሳይጠየቅ የሚነደፍ ዕቅድ፣ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ በሚገባ ሳያውቅ የሚጀመር ዕቅድ ነው ማለት ነው።

ሕዝብን ማማከር ሥራ ያጓትታል የሚሉ ወገኖች አሉ። የላሙ ተሞክሮ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በአካባቢው 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል የኃይል ማመንጫ እንዲሠራ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት ፈቃዱን ሰረዘው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕዝቡ የተሰበሰበው የተጽዕኖው ጥናት ከመጠናቀቁ በፊት መሆኑና የጥናቱ ውጤት ቀርቦለት አለመመከሩ ነበር። ለይስሙላ የተጠራ ስብሰባ ጊዜ አላተረፈም፤ ይልቁንም የብዙ ዓመት ድካምን መና አስቀረ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስም ተመሳሳይ ትምህርት እናገኛለን። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎች በ2000 ዓ.ም. ተጠናቀቁ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የከተማው ነዋሪዎች መጠለያዎቹ ራሳቸው ለቅርሱ አደጋ ሆነዋል በማለት አደባባይ ወጡ። የመጠለያዎቹ ዓላማ በጎ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በየዕለቱ በሥፍራው የሚያስቀድሰው፣ የዝናቡንና የነፋሱን ጠባይ የሚያውቀው ሕዝብ ሥጋቱን ለማሰማት አደባባይ እስኪወጣ ድረስ መጠበቅ አልነበረበትም።

ወታደር በማያውቀው አገር ሲዘምት መንገዱንና የውኃውን ቦታ አስቀድሞ የሚጠይቀው የአካባቢውን ባላገር ነው። ካርታ ቢይዝም እንኳ መጠየቁን አይተውም፤ ካርታው የማያሳየውን ባላገሩ ያውቃልና። ቅርስን የሚመለከት ዕቅድም እንዲሁ ነው። የባለሙያው ዕውቀት አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም የነዋሪውን ዕውቀት ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ በየከተማው ቅርስን የሚነካ ሥራ በሚታሰብበት ጊዜ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የእጅ ሙያተኞች፣ ሴቶችና ወጣቶች ጥናቱ በሚረዱት ቋንቋ ቀርቦላቸው፣ ዕቅዱ ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ሊመክሩበት ይገባል። የሰጡት አስተያየትም የት እንደደረሰ ሊነገራቸው ይገባል። የከተማው ሕዝብ በበኩሉ፣ ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ ነው ብሎ ከዳር ከመቆም ይልቅ የሚያውቀውን ለመናገር መዘጋጀት ይኖርበታል። ካሣ የጠፋውን ይክስ እንደሆነ እንጂ አይመልስምና፣ ምክሩ ከቁፋሮው ይቅደም እንላለን።