ከጥቁሩ ድንጋይ በታች

በውሃ ላይ ዘይት የሚመስል ቀለም በታየ ቁጥር «ነዳጅ ወጣ» የሚል ወሬ ይነሣል። ወሬውም ገበሬውን ወይ በከንቱ ተስፋ፥ ወይ «መሬቴን እለቅ ይሆን» በሚል ሥጋት ያውከዋል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አገር ረግረግና ምንጭ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ሹምና ካህን ሲጠየቁ የሚመልሱትን አስቀድመው ማወቅ ይገባቸዋል።

ፔትሮሊየም ማለት የዓለት ዘይት ነው፤ የቃሉም ሥር ከጴጥሮስ ስም ጋራ አንድ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ከዓለት አልተወለደም። በጥንት ባሕር የኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረቶች ሞተው አየር በማይደርስበት ጭቃ ተቀበሩ። ደለል ሲከመርባቸው ወደ ጥልቁ ወረዱ፤ ሙቀቱም ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ዘይት፥ ከዚያ ሲያልፍ ጋዝ ሆኑ። ሁለቱም ከውሃ ስለሚቀሉ በአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ጥብቅ ሸክላ ወይም ጨው ክዳን ሆኖ ካልገታቸው ወጥተው ይጠፋሉ። ስለዚህ ከምድር በታች የዘይት ሐይቅ የለም፤ ዘይቱ በሰፍነግ ውስጥ እንዳለ ውሃ በዓለቱ ቀዳዳ ይኖራል።

ይህ ሁሉ በጎጃም ይገኛልን? ከቡሬ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ፥ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ መልሱን በከፊል በዓይኑ ያያል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፥ ከሥሩ የባሕር ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ፥ ቀጥሎ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ፥ ከታች የአሸዋ ድንጋይ ተደራርቧል። አገሩ በጥንት ዘመን ባሕር ነበረና፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሸፈነው። በወሎም በወረ ኢሉ አካባቢ ዘይት ከምድር ሲሰርግ ታይቷል። ይሁን እንጂ ጥቁሩ ድንጋይ መርማሪዎች ወደ ምድር የሚልኩትን ሞገድ ስለሚበትን፥ ከሥሩ ያለውን ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ደግሞም ምልክት ሌላ፥ ለገበያ የሚበቃ ክምችት ሌላ ነው።

ለዚህም ኦጋዴን ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከመንግሥት ጋራ ተዋውሎ ብዙ ዘመን ፈለገ፤ የሚበቃውን ሳያገኝም ሄደ። የካሉብ ጋዝ በሌላ ኩባንያ በ1973 ተገኘ፤ የመጀመሪያው የምርት ምዕራፍ የተመረቀው ግን በ2025 ነው። ከተገኘ በኋላ እንኳ ከ50 ዓመት በላይ ካስጠበቀ፥ ገና ላልተገኘው ማሳን ጦም ማሳደር አይገባም።

በረግረግ ላይ የሚታየው ቀለም ብዙ ጊዜ ብረት ካለበት ውሃ በደቃቅ ፍጥረቶች ሥራ የሚመጣ ነው። በእንጨት ሲነኩት እንደ ስስ ብርጭቆ ተሰባብሮ ቢቀር ይኸው ነው፤ ተሽከርክሮ ወዲያው ቢገጥም ግን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ይነገር። ከረግረጉ የሚፈላውም ጋዝ ብዙውን ጊዜ ከበሰበሰ ሣር የሚወጣ ነው።

እንግዲህ ሹም ወሬውን ሳይንቅም ሳያራግብም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስታውቅ፤ ካህንም ሕዝቡን በትዕግሥት ይምከር። ጥቁሩ ድንጋይ ከሥሩ ያለውን ቢሸሽግም፥ ራሱ ፈርሶ በቆሎና በርበሬ የሚያበቅለውን አፈር ሰጥቶናል። የታችኛው ሀብት እስኪታወቅ ድረስ የላይኛው በጎርፍ እንዳይሄድ መጠበቅ የሁላችን ግዴታ ነው።