ምስሩ የት ገባ?

ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በወረቀት ላይ ስለተበላው ምሳ

ክቡር ሆይ፦

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የትምህርት ቤቱን ምሳ ያለፈ ታሪክ እርስዎም ያውቁታል፤ የወላጅ ኮሚቴው ያስገባቸው ማመልከቻዎች በመዝገብ ቤትዎ ማኅተም አርፎባቸው ተቀምጠዋል። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቀን ምሳ ብቻ ነው።

ባለፈው ኅዳር ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የምግብ ዝርዝር እንጀራ በምስር ወጥ፣ ጎመንና ግማሽ ብርቱካን ይላል። ለልጆቹ የቀረበው ደግሞ ዘይት የነካው ነጭ ሩዝ፣ ጥቂት ድንችና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ከልጅ አፍ ሰምቼ እንዳይመስልዎ። የክትትል ተራዬ ስለነበር እዚያው ቆሜ አይቻለሁ፣ ፎቶ አንስቻለሁ፤ አብረውኝ የነበሩት ወላጆችም ያዩትን ጽፈው ፈርመዋል። ድስቱን ከፍተው ያሳዩን እናቶች የመጣላቸውን ያበስላሉ እንጂ የሚገዛውን አይወስኑምና በዚህ ደብዳቤ ሰበብ አንዳቸው እንዳይነኩ አደራ እላለሁ። በዕለቱ ከመጋዘን በወጣው ዕቃ መዝገብ ላይ ምስር የሚል የለም፤ ጎመንም የለም። ለጽሕፈት ቤትዎ በተላከው ሪፖርት ላይ ግን «እንደ ምግብ ዝርዝሩ ቀርቧል» ተብሎ ተፈርሟል። ከመጋዘን ያልወጣ፣ ድስት ውስጥ ያልገባ ምስር እንዴት እንደተበላ አንባቢ ይፍረድ።

ስንጠይቅ አንድ ባለሙያዎ «ጾም ስለገባ ነው» አሉን። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ ገና አልገባም ነበር። ገብቶስ ቢሆን? ምስርና ጎመን የጾም ምግብ መሆናቸውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በግልጽ ደብዳቤ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

እርስዎ ራስዎ በስብሰባ ላይ የሰጡን መልስ ግን ከዚህ ይልቅ አሳስቦኛል። «ጤፍ የሚበላ ልጅ ብረት አይጎድለውም» ነበር ያሉት። ክቡርነትዎን ላለማሳጣት በዕለቱ ዝም ብያለሁ። ጤፍ ብረት አለው፤ ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የተጣበቀበት ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። በራሱ በእህሉ ውስጥ ያለውም ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር የተያዘ ነው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ነው የሚለቀቀው። ጤፍ ብቻውን ቢበቃማ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ከሆኑ መቶ ሕፃናት 57ቱ ደም ማነስ እንዳለባቸው ባላሳየ ነበር። ከዚያ በፊት በተደረገው ጥናት 44 ነበሩ። ወባውም፣ የአንጀት ትሉም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉም የብረት እጥረት ነው አልልም። ነገር ግን ቁጥሩ በጨመረበት አገር ብረት ያለው ምስር ከልጅ ሳህን ላይ ሲጠፋ «ጤፍ አለ» ተብሎ አይታለፍም። በነገራችን ላይ የዚያን ቀን እንጀራም አልነበረም።

ሻዩም ቀላል ነገር አይደለም። ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት ድሮም በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ከምግብ ጋር ሻይ ሲጠጣ ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። ብርቱካን፣ ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ቢጨመርበት ግን ያግዘዋል። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ይህን ያውቅ ነበር፤ ብርቱካኑን ከምስሩ ጋር ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። የጠፋው ግን ብርቱካኑም ጭምር ነው፤ የመጣው ሻይ ነው።

የአምስት ዓመት ልጄ ጠመኔ ስትበላ መምህሯ ያዘቻት። ብቻዋን አይደለችም፤ መምህሯ ጠመኔውን አሁን በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትዞረው። አፈርና ጠመኔ የሚያምረው ልጅ ብዙ ጊዜ ብረት እንደሚያንሰው ሐኪሙ ነገረኝና አስመረመርኳት። ሄሞግሎቢኗ 9.2 ሆነ፤ በዕድሜዋ ከ11.5 በታች ደም ማነስ ይባላል። እኔ የብረት ሽሮፕ ከውጭ ገዝቻለሁ። መግዛት የማይችሉት እናቶች ልጆቻቸውን ወደዚያው አዳራሽ ነው የሚልኩት፤ ለብዙዎቹ ልጆች የቀኑ ዋና ምግብ እዚያ የሚቀርበው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው በመጀመሪያ ምስሩ እንዲመለስ ነው። ሻዩ ከምሳ ሰዓት ይነሳ። የየዕለቱ የመጋዘን ወጪ ከምግብ ዝርዝሩ ጎን ይለጠፍ፤ ማንበብ የሚችል ወላጅ ሁሉ ያመሳክር። ያን ሪፖርት የፈረመው ሰው ምን አይቶ እንደፈረመ በጽሑፍ ያስረዳ። ከዚህ ከተነሳን አይቀር ደግሞ የምግብ አብሳዮቹ ክፍያ በወሩ ይድረሳቸው። ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ የልጆቹ ደም በትምህርት ቤት ይመርመር፣ የትል መድኃኒቱም በጊዜው ይሰጥ። የስንዴ ዱቄት በብረትና በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል፤ ለልጆቻችን የሚገዛው የዳቦ ዱቄት ይህን ያሟላ እንደሆነ ማረጋገጫው ይታይ። ትምህርት ቤት ያልደረሱ ታናናሾቻቸውስ? ከስድስት ወር በኋላ የእናት ጡት ብቻውን የብረት ፍላጎታቸውን አይሸፍንም፤ አጥሚታቸው በምን እንደሚበለጽግ ለእናቶች የሚያስተምር ባለሙያ ወደ ሰፈራችን ይላክ። በመጨረሻም እርስዎና የሥራ ባልደረቦችዎ በወር አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳትነግሩን፣ ከልጆቹ ጋር ምሳ ብሉ።

መልስዎን ለእኔ በፖስታ አይላኩልኝ። በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከጥር ወር በፊት ይለጠፍልን።

ከሰላምታ ጋር
የአንዲት ተማሪ እናት

ግልባጭ፦
ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት
ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት
ምሳ ቋጥሮ መላክ ላቃተው ወላጅ ሁሉ