ልኩን ያወቀ ድምፅ፦ ሳብዉፈርና ትንሿ መኪና

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ አንዲት ትንሽ መኪና በአጠገባችን ስታልፍ፣ ከሙዚቃዋ ይልቅ የታርጋዋ መንቀጥቀጥ ጎልቶ የሚሰማበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። የኋላ በሯ ቢከፈት፣ የዕቃ መጫኛዋን ሞልቶ የተቀመጠ ግዙፍ የእንጨት ሳጥን ይታያል። ለሳጥኑ ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ትርፍ ጎማውና ክሪኩ ከቤት ቀርተዋል፤ የኋላው ወንበርም ታጥፏል። የመኪናዋ ባለቤት ይህን ሁሉ የከፈለው ጥልቅና ጥርት ያለ የቤዝ ድምፅ ለማግኘት ነበር። ያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ጉርምርምታ ነው።

ይህን የምንጽፈው ሙዚቃ ወዳዱን ወጣት ለመውቀስ አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የትንሿ መኪና ጥበት ለቤዝ ድምፅ ጠላት ሳይሆን አጋዥ ነው። ጠላቱ ሳይለኩና ሳያሰሉ መግጠም ነው። ለዚህ ስሌት የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ እምብዛም አይርቅም።

ሳብዉፈር ከ20 እስከ 100 ሄርትዝ ገደማ ያሉትን ዝቅተኛ ድምፆች ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ ስፒከር ነው። ስለ እርሱ ከምንሰማቸው የተሳሳቱ አስተያየቶች መካከል ሳይንሳዊ የሚመስለው የሚከተለው ነው፦ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የ40 ሄርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ያህል ይሆናል፤ እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ግን ከዳር እስከ ዳር 3.6 ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ሞገዱ በውስጧ ሊፈጠር አይችልም ይባላል። ስሌቱ ትክክል ሲሆን ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። ጆሯችን የሚሰማው የሞገዱን ርዝመት ሳይሆን የአየር ግፊትን መለዋወጥ ነውና።

የብስክሌት ጎማ መንፊያን እናስብ። ቀዳዳውን በጣት ደፍነን እጀታውን ብንገፋ፣ በውስጡ ያለው አየር በሙሉ በአንድነት ይታመቃል። መስኮቶቿ የተዘጉ ትንሽ መኪናም እንዲሁ ናት። የውስጥ ርዝመቷ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ የሞገዱ ግማሽ ከዚህ ርዝመት ጋር እኩል የሚሆነው በ71 ሄርትዝ ገደማ ነው። ከዚያ በታች ባሉት ድምፆች የመኪናዋ አየር እንደ መንፊያው አየር በአንድነት መታመቅና መላላት ይጀምራል፤ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥርም ግፊቱ በንድፈ ሐሳብ እስከ 12 ዴሲቤል ድረስ ይታገዛል። ይህ እገዛ በትልቅ መኪና ውስጥ የሚጀምረው ይበልጥ ዝቅ ካለ ድግግሞሽ ነው። ጥበት አጋዥ ነው ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። መንገደኛ እንዲሰማላቸው መስኮት የሚከፍቱ ወዳጆቻችን ይህን እገዛ በገዛ እጃቸው ወደ ውጭ እየለቀቁት መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የአንድ ባለ 10 ኢንች ሳብዉፈር ተንቀሳቃሽ ገጽ ስፋት 330 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ገጹ 1 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቢገፋ፣ የአንድ ሊትር ሢሶ ያህል አየር ያፈናቅላል። የመኪናዋ የውስጥ ይዘት 2,700 ሊትር ቢሆን፣ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ይህ ግፋት 13 ፓስካል ያህል የግፊት ለውጥ ያስከትላል፤ ወደ ዴሲቤል ሲለወጥ 113 አካባቢ ይደርሳል። በበሮቹ ክፍተትና በቆርቆሮው መለጠጥ የሚባክነውን ብንቀንስ እንኳ ከበቂ በላይ ነው። ታዲያ በዚህች መኪና ውስጥ ሁለት ባለ 15 ኢንች ስፒከር መግጠም ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንምን?

ቀጥሎ የሚነሣው የሳጥኑ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ በመጠቀም፣ ከትልልቅ ሣጥኖች ብቻ ይጠበቅ የነበረውን ጥልቅ ድምፅ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። በዘርፉ የሆፍማን ሕግ በመባል የሚታወቀው መርሕ በበኩሉ አነስተኛ ሳጥንን፣ ጥልቅ ቤዝንና በጥቂት ኃይል ከፍ ያለ ድምፅን በአንድነት ማግኘት እንደማይቻል ያስተምራል፤ ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ግድ ነው። በታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለ ስፒከር፣ ከተፈጥሯዊ ንዝረቱ በታች ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፁ በ12 ዴሲቤል ይወርዳል። ከላይ የጠቀስነው የመኪናዋ እገዛም በዚያው መጠን ይወጣል። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣዋል ማለት ነው። ባለ ቀዳዳ ሳጥን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ያለ ቦታ ይሻል፤ ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታችም ድምፁ በእጥፍ ፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ለትንሽ መኪና የእኛ ምርጫ የታሸገው ሳጥን ነው።

ለብዙዎቹ ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች 20 ሊትር ገደማ የሆነ የታሸገ ሳጥን ይበቃል። ይህም የውስጥ ልኩ 40 በ25 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ነው፤ በየቤታችን ከሚገኘው የውኃ ጀሪካን ይዘት አይበልጥም። በደጋ ለምንኖር ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የታሸገ አየር የሞላነት ጥንካሬ ከግፊቱ ጋር ስለሚመጣጠን፣ በአዲስ አበባ የ20 ሊትር ሳጥን አየር፣ በጅቡቲ ወደብ ከ26 ሊትር የሚበልጥ ሳጥን አየር ያህል ይለሰልሳል። አምራቾች በወረቀታቸው ላይ የሚጽፉት የሳጥን ልክ አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል ግፊት የተሰላ በመሆኑ፣ እዚህ ሳጥኑን በሩብ ብናሳንሰው የአየሩ ሞላ እነርሱ ካሰቡት ጋር ይተካከላል። ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ስፒከሩ እኩል ቢንቀሳቀስም፣ የምናገኘው ድምፅ ከባሕር ዳርቻው በ2.5 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። ተፈጥሮ በአንድ እጇ የሰጠችውን በሌላው በከፊል ትወስዳለች።

ሳጥኑ የት ይቀመጥ? ከ80 ሄርትዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሯችን ለመለየት ይቸገራል። ስለሆነም ሳብዉፈሩ ከወንበር ሥር፣ ከዕቃ መጫኛው ጥግ ወይም ከጎን ቢቀመጥ አድማጩ ልዩነቱን አያስተውልም። የመኪናዋ ጥግ ሰያፍ ከሆነም ሳጥኑን በትራፔዝ ቅርጽ መሥራት ይቻላል፤ የትራፔዝን ስፋት ማስላት ደግሞ ከክፍል ያመጣነው ዕውቀት ነው። ትርፍ ጎማውን ግን ማውጣት አይገባም። ሌሊት ከከተማ ውጭ ጎማ የፈነዳበት ቤተሰብ ቤዝ አይረዳውም።

ሳጥኑም በብሎን በሚገባ መታሰር አለበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መኪና በግጭት በድንገት ብትቆም፣ ያልታሰረ የ25 ኪሎ ሳጥን ወደ ፊት የሚወረወርበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከወደቀ ዕቃ ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርድ ሳጥን በታናሽ ወንድሙ ጀርባ ላይ እንዲያርፍ የሚፈቅድ ማን ነው?

ሽቦውም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። 300 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ከ12 ቮልት ባትሪ 30 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል፤ ቀጭን ሽቦ በዚህ ይግላል። ሽቦው ተፍቆ ከቆርቆሮው ጋር ሾርት ቢያደርግ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚለቅ እሳት ሊነሣ ይችላል። በመሆኑም ፊውዙ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ መግባት አለበት፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነውና። በኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ብርቱካናማዎቹን የከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦዎች መነካካት ሕይወት ያስከፍላል።

በመጨረሻም ጆሮ አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም 85 ዴሲቤል ድምፅን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት እንደማይገባ ይመክራል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ለ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። እርግጥ መለኪያው ለዝቅተኛ ድምፆች አነስተኛ ክብደት ይሰጣል፤ ጆሯችንም ለእነርሱ የደነዘዘ ነው። አደጋው የሚመጣው ቤዙ ሲጎላ፣ ዘፈኑም እንዳይዋጥ ሁሉም አብሮ ሲጨመር ነው። በከፍተኛ ድምፅ የሞቱ የውስጥ ጆሮ የፀጉር ሕዋሳት በሰው ልጅ ዳግመኛ አይበቅሉም።

አንዳንዶች፣ «የጋራዥ ባለሙያዎቻችን ያለ ቀመር በልምድ ይገጥሙት የለምን?» ይሉ ይሆናል። የእጃቸውን ብልሃት እናከብራለን፤ ከአንድ ችፑድ ላይ ያለ ብክነት የሚቆርጡትን ሳጥን ብዙዎቻችን በወረቀት እንኳ አንነድፈውም። ወቀሳችን ይልቁንም ወደ ራሳችን ያዘነብላል። የጋዝ ግፊትንና ይዘትን ግንኙነት ለፈተና ሸምድደን፣ ከግቢው በር ስንወጣ ከሰሌዳው ጋር ጥለነው እንሄዳለን። ባለሙያው ቀመሩን ያላገኘው እኛ ስላላደረስነው ነው። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ሜትርና ወረቀት ይዞ በሰፈሩ ካለው ጋራዥ ከሰዓት በኋላ ቢያሳልፍ፣ ሁለቱም ተምረው ይለያያሉ ብለን እናምናለን።

በአማርኛችን «ልክ» የሚለው ቃል መጠንንም ትክክለኛነትንም ይገልጻል። ለመኪናዋ ልክ የሆነ ሳጥን፣ ለሽቦው ልክ የሆነ ፊውዝ፣ ለጆሮም ልክ የሆነ ድምፅ ያገኘ ሰው፣ ትርፍ ጎማውንና የኋላ ወንበሩን ሳይሠዋ ሙዚቃውን ያጣጥማል። ስለዚህ ስፒከሩ ከመገዛቱ በፊት ሜትሩ ይውጣ።