«ሆድ ይፍጀው» በካርድ ላይ አይጻፍም

በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆነን የምናድር የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ የምናውቀው አንድ አጻጻፍ አለ። «የሆድ ቁስል። ተሰፍቷል። ወደ ቤቱ ተሸኝቷል።» ከሥሩ ፊርማ ይከተላል፤ ፊርማውም አይነበብም። የሕግና የኤኮኖሚ ተማሪ የሆኑ ጓደኞቻችን «ይህስ የእናንተ የቤት ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን ከመግለጣቸው በፊት ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እነርሱም ዘንድ መድረሱ አይቀርምና።

ለመሆኑ «የሆድ ቁስል» ምንድን ነው? ጨጓራው የታመመ ሰው የሆድ ቁስል አለብኝ ይላል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስፌቱ የተከፈተበትም እንዲሁ ይላል። በጩቤ የተወጋውም፣ በሬ በቀንዱ የወጋውም፣ ማጭድ ላይ የወደቀውም ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው ያው ሁለት ቃል ነው። ካርዱን ተቀብሎ መለያ ቁጥር የሚሰጠው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግን በሽተኛውን አላየውም። በእጁ ያለው የእኛ ጽሕፈትና የበሽታዎች ዓለም አቀፍ መለያ መጽሐፍ ብቻ ነው። ያልጻፍነውን ገምቶ እንዲሞላ አልተፈቀደለትም፤ ሊፈቀድለትም አይገባም።

ይህ መለያ ትናንት የመጣ ፈሊጥ አይደለም። ዣክ ቤርቲዮን የተባለው ፈረንሳዊ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር በ1893 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ አቀረበ። በ1948 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሥራውን ተረክቦ ከሞት ምክንያት ሌላ በሽታንና ጉዳትንም እንዲያጠቃልል አደረገው። 11ኛው እትም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተወስኗል። እኛ እዚህ የምንጠቅሰው አሠራሩ ጎልቶ የሚታይበትን 10ኛውን ነው።

በ10ኛው እትም የሆድ ግድግዳ ክፍት ቁስል «ኤስ 31.1» ይባላል። የተከፈተ የቀዶ ሕክምና ስፌት ግን ከዚያ አይገባም፤ ቦታው «ቲ 81.3» ነው። አንዱ ከውጭ የመጣ ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው በሕክምና ላይ የደረሰ መዘዝ ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ አንድ ሆስፒታል ስንት ስፌት እንደ ተበጠሰበት ማንም ሊያውቅ አይችልም። (ይህ እንዳይታወቅ የሚሻ ሰው ይኖር እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።)

አሜሪካኖች ይህንኑ መጽሐፍ ለራሳቸው አስፍተው ከጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠሩበታል። በእነርሱ ዘንድ በሆድ ቀኝ ታችኛ ክፍል የደረሰ፣ ባዕድ ነገር ያልቀረበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታከም የተቀደደ ቁስል «ኤስ 31.113 ኤ» ነው። ስለቱ ፔሪቶኒየም የምንለውን ስስ ሽፋን አልፎ ወደ ሆድ ዕቃ ከገባ ግን «ኤስ 31.613 ኤ» ይሆናል። ልዩነቱ አንድ አኃዝ ነው፤ 1 የነበረው 6 ሆነ። በዚያች አንድ አኃዝ ውስጥ ግን ተሰፍቶ የሚሄድ ሰውና አንጀቱ ተበስቶ ከሁለት ቀን በኋላ ሆዱ እንደ እንጨት ደርቆ የሚመለስ ሰው ተለያይተው ይገኛሉ።

እጅግ ያስገረመን ግን ሌላው ነው። ሐኪሙ «የሆድ ግድግዳ ክፍት ቁስል» ብሎ ዝም ቢልስ? መጽሐፉ ሠራተኛውን ወደ «31.109» ይመራዋል። ትርጉሙም ዓይነቱ ያልተገለጸ፣ ስፍራው ያልተገለጸ፣ ወደ ሆድ ዕቃ ያልዘለቀ ቁስል ማለት ነው። ያልዘለቀ! ማንም ያላየውን ጥልቀት ወረቀቱ «አልዘለቀም» ብሎ መሰከረ ማለት ነው። ሰው በቤቱ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ቢተው ማንንም አይጎዳም፤ ካርድ ላይ የተጻፈ ዝምታ ግን ቁጥር ተሰጥቶት እንደ እውነት ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሕግ ተማሪዎች እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳትን፣ በአንቀጽ 556 ቀላሉን ይለያል፤ ከባዱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ጉዳቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ለዳኛው ሲቀርብ ወራት አልፈዋል፤ ቁስሉ ድኖ ጠባሳ ሆኗል፤ የሰፋው ሐኪም ወደ ሌላ አገር ተመድቦ ሄዷል። የቀረው ምስክር ካርዱ ነው። «ተሰፍቷል» የሚለው ቃል ለተወጋው ፍትሕ አይሰጥም፤ ለተከሳሹም አይሰጥም።

ጉዳቱ እንዴት እንደ ደረሰም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ለምክንያቱ ሌላ ቁጥር አለው፤ ሰው በስለት ቢወጋው «ኤክስ 99»፣ ራሱን ቢወጋ «ኤክስ 78»፣ በሬ ቢወጋው «ደብልዩ 55»፣ ሐሳቡ ካልታወቀ «ዋይ 28»። በሬ የሚወጋበት ወረዳና ሰው ሰውን የሚወጋበት ወረዳ አንድ መድኃኒት አይሹም። እኛ ግን አንዲት መስመር ስለ ነፈግናቸው ሁለቱም በአንድ ከረጢት ገብተው ይላካሉ።

«ክርና ጓንት በሚያጥርበት ሌሊት ስለ ወረቀት ታወራላችሁን?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተራ አይደለም። ነገር ግን ክሩ በቂ አለመሆኑን ለበጀት ክፍል የሚያስረዳው ምንድን ነው? ያው ወረቀት ነው። ደግሞም የአሜሪካኖቹን ሰባት አኃዝ እንዳለ እንገልብጥ አላልንም፤ ከዝርዝሩ ብዙው ለመድን ኩባንያ ሒሳብ ማስከፈያ የሚያገለግል ነውና ለእኛ ሸክም ይሆንብናል። ለጥያቄዎቹ መልስ መጻፍ ግን ዋጋ አያስወጣም፤ ከአራት መስመር አይበልጥም። ቁስሉ በየትኛው የሆድ ክፍል ነው? ስንት ሳንቲሜትር ነው? በምን ተወጋ? በሽተኛው ራሱ እንዴት ደረሰብኝ ይላል? ውስጡ የቀረ ነገር አለ? መጀመሪያ መምጣቱ ነው ወይስ መመለሱ? ከሁሉም በላይ፣ ጥልቀቱ እስከ የት እንደ ደረሰ ታይቷል? ካልታየ «አልታየም» ተብሎ ይጻፍ። «አልታየም» እና «አልዘለቀም» አንድ ቃል አይደሉም።

በአምስትና በስድስት ዓመት ትምህርት ውስጥ ይህን የሚያስተምረን አንድ ሰዓት አልተመደበልንም። ጥፋቱን በካርድ ክፍል ሠራተኞች ላይ መጫን ግን ልማድ ሆኗል። ስለዚህ ተማሪዎች ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመውጣታቸው አስቀድሞ ከነዚሁ ሠራተኞች ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጠው የራሳቸውን ካርዶች ቁጥር እንዲሰጡ ይደረግ የሚል ጥያቄ ለኅብረቱ ጉባኤ አቅርበናል። ሠራተኞቹን አነጋግረናቸዋል፤ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ይመቸናል፣ የማይነበቡትንም ካርዶች ለይተን እናቆያለን ብለውናል።