ከዓለቱ የማይላቀቀው ነዳጅ፦ የኬሚካል ስልትና የሪያድ ስሌት

ሪያድ፦ አንድ የነዳጅ መስክ አረጀ ሲባል ከሥሩ ያለው ሀብት ተሟጠጠ ማለት አይደለም። በዓለም ደረጃ በተፈጥሮ ግፊትና በውኃ እየተገፋ የሚወጣው ድፍድፍ ነዳጅ በአማካይ ከጠቅላላው ክምችት ሲሶ ያህሉ ነው። ቀሪው በዓለቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

ይህን ቀሪ ሀብት ለማውጣት ከሚያገለግሉ ስልቶች አንዱ ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ማስገባት ነው። ፖሊመር የተባለው ንጥረ ነገር ውኃውን ስለሚያወፍረው፣ ውኃው ነዳጁን አልፎ በመሄድ ፈንታ ከፊቱ እየገፋ ያስወጣዋል። ሰርፋክታንት ደግሞ እንደ ሳሙና ነዳጁን ከዓለቱ ያላቅቃል። ቻይና በዳቺንግ መስክ እ.ኤ.አ. ከ1996፣ ኦማን በማርሙል ከ2010 ጀምሮ ፖሊመርን በስፋት ሲጠቀሙ ቆይተዋል።

የሳዑዲ አረቢያ ፈተና ግን የተለየ ነው። ሁለቱ መስኮች አሸዋማ ዓለት ያላቸው ሲሆኑ ሙቀታቸውም 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አይደርስም። በ1948 የተገኘውና 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጋዋር መስክ ዋነኛ ክምችት ግን በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፤ ውኃውም እጅግ ጨዋማ ነው። ሙቀትና ጨው ፖሊመርን ያዳክሙታል፤ የኖራ ድንጋይም ብዙዎቹን ሰርፋክታንቶች ይመጥጣል። ኬሚካሉ ሥራውን ሳይፈጽም በባከነ ቁጥር የአንዱ በርሜል ወጪ ይንራል።

በዚህም ምክንያት ዳህራን የሚገኙት የአራምኮ ተመራማሪዎች ከኬሚካሉ ጎን ለጎን ሌሎች መንገዶችንም ሲፈትሹ ቆይተዋል። አንደኛው የሚገባውን የባሕር ውኃ የጨው ይዘት ማስተካከል ነው። ሌላው በ2015 በዑስማኒያ የተጀመረውና በዓመት እስከ 800 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ዓለቱ ለማስገባት የታቀደው የሙከራ ፕሮጀክት ነው።

ውሳኔው የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የኢኮኖሚም ነው። መንግሥት በጥር 2024 የአራምኮ ከፍተኛ የማምረት አቅም ወደ 13 ሚሊዮን በርሜል ማደጉ ቀርቶ በቀን በ12 ሚሊዮን እንዲጸና አዟል። በርካሽ የሚወጣ ነዳጅ እያለ ውዱ በርሜል ተራውን ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ከቤተ ሙከራ እስከ ሙሉ መስክ ያለው ጉዞ ዓመታትን ይወስዳል። 100 ቢሊዮን በርሜል ካለበት መስክ አንድ በመቶ ተጨማሪ ማውጣት አንድ ቢሊዮን በርሜል ማለት ነው። የሪያድን መንገዶችና ሕንፃዎች የሚገነባው፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ሠራተኞችም እንጀራ የሆነው ወጪ ዛሬም በአብዛኛው በነዳጅ ገቢ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የነገው ዝግጅት ለነገ የሚባል አይደለም።