ስለ ቆዳችንና ፊት ስለሚያቀላ ቅባት

በጋምቤላ ከተማ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ስለ ቆዳ በምናጠናበት ክፍለ ጊዜ እጅዋን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሰውን የሚያጠቁረው ምንድን ነው? ሊቀነስስ ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የፈተና ጥያቄ መስሎኝ «ሜላኒን» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጽፌ ወደሚቀጥለው ርእስ አለፍሁ። ከአንድ ወር በኋላ ፊትዋ ፈካ አለ፤ ጓደኞችዋም አደነቁላት። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጉንጮችዋ ቀልተው፣ ብጉር ወሯቸው፣ ፀሐዩ እያቃጠላት በእረፍት ሰዓት እንኳ ከክፍል መውጣት አቅቷት አገኘኋት። ከቦርሳዋ ያወጣችው ቅባት የሠሪው ስም የሌለበት ትንሽ ብልቃጥ ነበር። እንግዲህ ያን ዕለት በሁለት ደቂቃ የሸኘሁትን ጥያቄ ዛሬ በዚህ ዓምድ እንደሚገባው ልመልስ።

ቆዳ ሰፊ አካል ነው፤ የአንድ ጎልማሳ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ እስከ 2 ካሬ ሜትር ይደርሳል። የላይኛው ንጣፍ በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ አሮጌው እየረገፈ በአንድ ወር ገደማ በአዲስ ይተካል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ንጣፍ ግን የደረሰበትን በቀላሉ አይረሳም። ለዚህ ምስክር የሚፈልግ ሰው የኑዌር ሽማግሌዎችን ግንባር ይመልከት፤ በወጣትነታቸው የተቆረጡት፣ «ጋር» የሚባሉት ስድስት መስመሮች እስከ እርጅና ሳይጠፉ የሚኖሩት ስለቱ ሁለተኛውን ንጣፍ ስለ ነካ ነው።

ቀለማችንን የሚሠሩት ሴሎች የሚገኙት በላይኛው ንጣፍ ግርጌ ነው። የሚያስደንቀው፣ ቁጥራቸው በአኝዋኩም፣ በደገኛውም፣ በአውሮጳዊውም ቆዳ ውስጥ ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ልዩነቱ በሚሠሩት ሜላኒን መጠንና ዓይነት፣ ሜላኒኑ በሚታሸግባቸውም ጥቃቅን ከረጢቶች ትልቅነትና አቀማመጥ ላይ ነው። እነዚህም ከረጢቶች በሴሉ አስኳል ላይ እንደ ዣንጥላ ተዘርግተው ከፀሐይ የሚመጣውን የማይታይ ጨረር ይመክታሉ። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ በሆነችው፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በጋምቤላ፣ ገንዘብ ከፍሎ ዣንጥላን ማጠፍ ምን ይባላል?

ፊት በሚያቀሉ ቅባቶች ውስጥ በብዛት የተገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሃይድሮኪኖን የሜላኒንን ሥራ ያግዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ፊትን ሰማያዊ በሚመስል ጥቁረት ያበላሻል። ይህን ጉዳት ከደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ሐኪሞች ጽፈውታል፤ ያችም አገር በ1990 ከመዋቢያ ቅባት ውስጥ አስወጥታዋለች። ለማቅላት የተገዛው ቅባት ማጥቆሩን ልብ በሉ! ሁለተኛው ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለበት ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይሠራ ከልክሏል። በብልቃጡ ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪክ» የሚል ቃል ካያችሁ መልሱት። ሦስተኛው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለው የሐኪም መድኃኒት ነው። ለተወሰነ በሽታ ለጥቂት ቀናት ሲታዘዝ ደግ ነው፤ እንደ መዋቢያ በየቀኑ ፊት ላይ ሲውል ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል። ሐኪሙ ተማሪዬን አይቶ የጠረጠረው ይህኑ ነበር። ለወራት የተቀባ ሰው በድንገት ሲያቋርጠው ፊቱ ሊብስበት ስለሚችል፣ አተዋወቁ በሐኪም ምክር መሆን አለበት።

ታዲያ ምን እንቀባ? መልሱ አጭርና ርካሽ ነው። በቤተ ሙከራችን ቀይ የሊትመስ ወረቀት በልብስ ሳሙና አረፋ ውስጥ ስንነክር ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ ሳሙናው አልካሊ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ቆዳ ደግሞ ጥቂት አሲድነት አለው። ስለዚህ በልብስ ሳሙና ፊትን በቀን ሦስት ጊዜ መፈግፈግ መከላከያውን ማጠብ ነው። ላብን በውሃ መለቃለቅ በቂ ነው፤ ለስላሳ ሳሙና ማታ አንድ ጊዜ ይበቃል። ቅባትም ስስ ይሁን። እኔ ከደጋ እንደ መጣሁ በአገሬ ልማድ ቫዝሊን ደርቤ ብቀባ የላቤ መውጫ ተደፍኖ ጀርባዬ በሙቀት ሽፍታ ነደደ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ሳቁብኝ። በቆላው የሚበቅለው የሺያ ዛፍ ፍሬ ቅባት ለእጅና ለእግር ደግ ነው፤ ብጉር ላለበት ፊት ግን ይቅር። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባርኔጣና ጥላ ከማናቸውም ብልቃጥ ይበልጣሉ፤ ማዲያት ያለበት ሰው አቅሙ ከፈቀደ ከመድኃኒት ቤት የፀሐይ መከላከያ ይጨምር።

ስለ ነጣ ነጠብጣብም አንድ ቃል ልናገር። ቋቁቻ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ሙቀትና ላብ ሲያገኝ የሚያመጣው ነው፤ በፈንገስ መድኃኒት ይድናል፣ ቀለሙ ግን እስኪመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን የነጣው ቦታ በጥጥ ጫፍ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ በ6 ወይም በ12 ወርም ያድናል። በሚያቀላ ቅባት የሚሸፍነው ሰው ግን ነርቩ እስኪሞት ጊዜ ያጠፋል።

ተማሪዬ አሁን ደኅና ናት፤ በጉንጮችዋ ላይ ጥቂት ጠቆር ያለ ምልክት ቀርቷል፣ እርሱም እየሳሳ ነው። ባለፈው ሳምንት እናትዋ ያወጡትን የሺያ ቅባት በሃይላንድ ይዛ መጣች። በጋምቤላ ሙቀት ቀልጦ ዘይት መስሏል። «ቲቸር፣ ይህንንም በሊትመስ እንየው» አለችኝ። ነከርነው፤ ወረቀቱም ቀለሙን አልለወጠም።