ሁሉን በአንድ ዳርቻ

ሀብት የሚገኘው ሌላው ሳይሰማ ቀድሞ በመስማት ነው የሚለው እምነት በባሕር ዳር ከተማ ሥር ከሰደደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መንገዱ በየት በኩል እንደሚወጣ ሕዝብ ሳያውቅ ቦታ የገዛ፣ የፎገራ ሽንኩርት ሳይረክስ ጭኖ የሸጠ ሰው በሠርጉም በለቅሶውም ቤት እንደ ሊቅ ይደመጣል፤ የከሰረው ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም ስለሚል፣ ትውልዱ ትምህርቱን የሚቀበለው ከአትራፊዎች አንደበት ብቻ ሆኗል። ዛሬ ይኸው እምነት መልኩን ለውጦ በእጅ ስልክ ላይ ይታያል፤ ወጣቶቻችን የባዕድ ገንዘቦችን መውጣትና መውረድ እየገመቱ «ፎሬክስ ትሬድ» እናደርጋለን ይላሉ፣ በቴሌግራም «ሲግናል» የሚባለውን የግዙ ሽጡ ምክር የሚሸጥላቸውንም ሰው እንደ ነቢይ ይከተላሉ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ወጋገን ባንክን በመጀመሪያ ተመዝጋቢነት ይዞ በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ ደስ ያለኝን ያህል፣ ይህ መንፈስ ቀድሞ ገብቶ የገበያውን ወንበር እንዳይይዝ እሰጋለሁ።

ስሕተቱ ከመሠረቱ ነው። አክሲዮን ሊወደድ ነው ብሎ የሚገዛ ባለበት ሁሉ፣ ሊረክስ ነው ብሎ የሚሸጥለት ሌላ ሰው መኖሩ ግድ ስለሆነ፣ ከገበያው አማካይ በላይ ያገኘ ሁሉ ብልጫውን የሚወስደው ከአማካዩ በታች ከቀረው ወንድሙ ኪስ ነው፤ የአገናኙና የመገበያያው ክፍያ ከሁለቱም ላይ ሲነሣ ደግሞ፣ ተሽቀዳዳሚዎቹ በጠቅላላው ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ገዝቶ ከተቀመጠው ሰው ያነሰ ይዘው ይመለሳሉ። ይህን አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1991 በጥቂት ገጾች ሲያስረዳ ከመደመርና ከመቀነስ የራቀ ጥበብ አላስፈለገውም። ዋረን ባፌት ይህንኑ በመተማመን እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 ለአሥር ዓመት የ500ውን የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ጥቅል ይዞ፣ በልሂቃን ከተመረጡ አምስት ፈንዶች ጋር ተወራረደ፤ በፍጻሜው ጥቅሉ ከ125 በመቶ በላይ ሲያድግ የአምስቱ አማካይ 40 በመቶ እንኳ አልሞላም። በብራዚል በዕለት ግብይት ከ300 ቀን በላይ የጸኑትን የመረመሩ ሊቃውንትም ከመቶው 97ቱን ከስረው አግኝተዋቸዋል። መሳተፍ ብቻውን ያስተምራል፣ የቆየ ያሸንፋል የሚሉ ወገኖች ይህን ቁጥር ደጋግመው ያስቡት። የዕውቀት ማነስ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው ድርጅት ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎችን በውስጡ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1998 በጥቂት ወራት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጥቶ ወድቋል።

እንግዲህ የሚያዋጣው ከሁሉም ጥቂት ጥቂት መያዝ ነው፤ ሀብትን እንዲህ በብዙ ስፍራ ማኖር ለእኛ እንግዳ ትምህርት ነው የሚል ካለ የአባቶቹን እርሻ ረስቷል። በርስት ዘመን የጎጃም ገበሬ መሬት በአንድ ስፍራ የተጠቀለለ አልነበረም፤ ከፊሉ በዋልካው፣ ከፊሉ በቀዩ አፈር፣ ከፊሉ በተዳፋቱ ላይ ስለነበረ፣ አንዱን በረዶ ቢመታው፣ ሌላውን ዋግ ቢያጠፋው፣ ጎተራው ፈጽሞ ባዶ አይሆንም ነበር። ይህን ሥርዓት መተው ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በዘመናችን በአዊ አይተናል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ የሚያመጣውን ገንዘብ ተመልክቶ የጤፉንና የገብሱን ማሳ በዚሁ ዛፍ ሸፈነው፤ ለዓመታትም ተጠቀመበት፣ ስሌቱም ሐሰት አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ የመጣው በሽታ ግን ዛፉን ከወረዳ ወረዳ ሲያደርቀው፣ ሁሉን በአንድ ያዋለ ቤተሰብ የሚመለስበት ማሳ አልነበረውም። በጣና ዳርም ከዚህ የተለየ አልደረሰም፦ ሀብቱን ሁሉ በእንግዳ ማረፊያ ላይ ያፈሰሰው፣ ጎብኚ ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያደርሰው ባለ ጀልባም፣ በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ የክልላችን ግጭት ተከታትለው መጡባቸው። እነዚህ ሰዎች ታታሪዎች ነበሩ፤ ብልጠትም አላነሳቸውም።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ነገር አለ። ደመወዙን በባሕር ዳር የሚያገኝ፣ ቤቱን በባሕር ዳር የሠራ፣ ሱቁንም በዚያው የከፈተ ሰው፣ ከዚህ ሁሉ የተረፈችውን ጥሪት በትውልድና በዝምድና ስሜት የአካባቢዬ ነው በሚለው ባንክ አክሲዮን ላይ ሲያኖራት፣ አራት ሀብት ያለው ይመስለዋል እንጂ በእውነቱ ያለው አንድ ነው፤ የአካባቢው ሰላም በታወከ ጊዜ አራቱም አብረው ይታመማሉና። የወገን ፍቅር ክቡር ነገር ነው፤ ለልጆች ትምህርት የታሰበ ገንዘብ ግን በእርሱ ብቻ ሊመራ አይገባውም። ከአምስት ባንኮች አክሲዮን ገዝቼ ተከፋፍያለሁ የሚለውም ራሱን አያታልል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 በመቶውን በመንግሥት ሰነድ እንዲያውሉ ባዘዘ ጊዜ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የብድር ዕድገትን በዓመት በ14 በመቶ በወሰነ ጊዜ፣ ትእዛዙ አምስቱንም ባንድ ቀን ነክቷቸዋል።

ብር በየዓመቱ እየረከሰ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 በላይ ሲሆን፣ ከሁሉም ጥቂት ገዝቶ ማን ሃያ ዓመት ይታገሣል? ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን የብር መርከስ ገንዘብን በሣጥን ማስቀመጥን እንጂ ትዕግሥትን አይከስስም፤ ጥሪቱን ሠርተው በሚያተርፉ በልዩ ልዩ ድርጅቶች ውስጥ በድርሻ ያኖረ ሰው ዋጋው ሁሉ ሲወደድ የሚሸጡት ዕቃና አገልግሎት አብሮ ይወደድለታል፣ በስልኩ የምንዛሪ ገበያ የሚሽቀዳደመው ግን ድርሻ የያዘበት ሥራ አንድም የለውም፤ ገንዘቡም በአገራችን ሕግ በማይታወቅ መንገድ ስለሚሻገር ቢጠፋበት አቤት የሚልበት ዳኛ አያገኝም።

የሚቀረው ክርክር፣ ገና ጥቂት ድርጅቶች ብቻ በተመዘገቡበት ገበያ ከምን ላይ እንከፋፈል የሚለው ነው፤ ይህ ለባለሥልጣን የሚቀርብ ክርክር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ካቀረባቸው 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህል ቢሆኑም፣ 47,377 ሰዎች የ300 ብሩን አክሲዮን በቴሌብር መግዛታቸው መንገዱ መጠረጉን አሳይቷል። የካፒታል ገበያው አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የብዙዎችን ጥቃቅን ገንዘብ አሰባስቦ በልዩ ልዩ ሰነዶች ላይ የሚያውል ፈንድ እንዲቋቋም ፈቅዷል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እንዲህ ያለ ፈንድ ክፍያው ዝቅተኛ፣ የግምጃ ቤት ሰነድንም የኩባንያ አክሲዮንንም የያዘ፣ ከ9,900 ብሩ የቴሌኮም ዝቅተኛ ግዥ እጅግ ባነሰ ገንዘብ የሚገዛ ሆኖ እንዲወጣ ያስገድድ፤ የባሕር ዳር መምህር ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር 500 ብር ልኮ የአገሩን ሥራ ሁሉ በጥቂቱ ይግዛ።